9,000 እርምጃ፦ ልናጨበጭብለት የነበረው ቁጥር

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ግራፍ ሳየው ደስ አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በቀን በአማካይ 2,900 እርምጃ ይራመድ የነበረ ሰው አሁን 9,000 አልፏል። ሦስት እጥፍ! ነርሷን ጠራኋት፣ ሳይካትሪስቱንም ጠራሁት፣ ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፍተን "ጎበዝ!" አልን። ሰውየው ግን እየተሰቃየ ነበር። ይህን ያወቅነው ደግሞ ከመሣሪያው አይደለም፣ ከታናሽ እህቱ ነው።

እኔ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። ፈቃዱንም ጠይቄዋለሁ። "ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተወው" ነው ያለኝ።

ሰውየው በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ከታወቀ 17 ዓመት ሆኖታል። ለብዙ ዓመታት ኦላንዛፒን የሚባል የሕመሙን መድኃኒት ሲወስድ ቆይቷል፣ መድኃኒቱም ሠርቶለታል። እሱ ብቻ የሚሰማቸው ድምፆች ጨርሰው አልጠፉም፣ ግን "ጎረቤት ሆነዋል፣ ቤት አይገቡም" ይላል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ እና ለዚህ ሰው ሁለቱም አልቀሩለትም። የወገቡ ዙሪያ 112 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። የደም ስኳሩም ከፍ ማለት ጀምሯል። ሳይካትሪስቱ ወደ እኔ የላከው አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ነው፦ "እንቅስቃሴውን ለካልኝና አንድ ነገር እናድርግ።"

ለካልኝ። ሲሉት ቀላል ነው።

ለምን እንደምንለካ ግን ቶሎ ልበልና ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፣ አብዛኞቹን የሚገድላቸውም ልብን የመሰለ የአካል ሕመም ነው። በ2017 በዓለም አቀፍ ደረጃ 69 ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ ታትሞ ነበር፣ ከ35,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከት። ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ወይም ከባድ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ከነቁበት ሰዓት ውስጥ በቀን በአማካይ 476 ደቂቃ ተቀምጠው ያሳልፋሉ ይላል። ስምንት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የደም ግፊት እንደምንለካው ሁሉ እንቅስቃሴም መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ። በምን ይለካ የሚለው ነው ጣጣው።

የመጀመሪያው ቀን በእጄ የነበረውን አወጣሁ። አይፓክ የሚባለው አጭር መጠይቅ ነው፣ በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ። ስላለፉት ሰባት ቀናት ይጠይቃል፦ ከባድ እንቅስቃሴ፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ የእግር ጉዞ፣ መቀመጥ። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ የተደረገውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

"ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ ለ10 ደቂቃ የተራመዱት ስንቱን ቀን ነው?" አልኩት።

"ሁሌም እራመዳለሁ።"

"በቀን ለምን ያህል ጊዜ?"

ትንሽ አሰበ። "ሁለት ሰዓት። ጻፍ፣ ሁለት ሰዓት።"

ጻፍኩ። በሳምንት 840 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። በወረቀቴ መሠረት ፊቴ የተቀመጠው ሰው ከብዙዎቻችን የተሻለ ነው፣ ከእኔ ደግሞ በእጅጉ። እህቱ ምንም አልተናገረችም፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያኔ ልጠይቃት ይገባ ነበር። አልጠየቅኳትም።

ዋሸ ማለቴ አይደለም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም በሥራ ቦታ "እነሱ የሚሉት አይታመንም" የሚል ነገር እሰማለሁ፣ ያናድደኛል። ጤነኛ ነኝ የሚለውም ሰው ስለ ራሱ እንቅስቃሴ ሲጠየቅ ያጋንናል። በስኪዞፍሬኒያ ላይ የሚጨመረው ሌላ ነው፦ የማስታወስና የማስላት ችግር አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቀኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ማክሰኞን ከሐሙስ የሚለየው ነገር የሌለው ሰው "ባለፉት ሰባት ቀናት" ሲሉት ምኑን ይያዝ? "መካከለኛ እንቅስቃሴ" የሚለው ቃልም ደረጃ ሲወጣ ለሚያለከልክ ሰው እና ለሯጭ አንድ አይደለም። የብዙ ሰዎችን የጤና መረጃ በሚያከማቸው በእንግሊዝ ባዮባንክ መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በመጠይቅ ሲጠየቁ ከሌላው ሰው ያላነሰ እንደሚንቀሳቀሱ ተናግረው፣ በእጃቸው ላይ የታሰረው መሣሪያ ግን በጣም ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው አሳይቷል። መጠይቁን ብቻ ይዘን ብንቀር ኖሮ ችግር የለም ብለን ፋይሉን እንዘጋ ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሌላ መጠይቅ ይዤ መጣሁ። ሲምፓክ ይባላል። በተለይ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ በ23 አገሮች 1,010 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2020 ታትሟል። አምስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። አልጋ ላይ ስንት ሰዓት፣ ነቅተው ተቀምጠው ወይም ጋደም ብለው ስንት ሰዓት፣ የእግር ጉዞ፣ ስፖርት፣ ሌላ እንቅስቃሴ። ወረቀቱን ለታካሚው ሰጥተህ አትሄድም፣ ባለሙያው እየጠየቀ ነው የሚሞላው። ብልሃቱ ያለው ደግሞ ድምሩ ላይ ነው፦ የተነገረው ሁሉ ተደምሮ ወደ 24 ሰዓት መጠጋት አለበት። ካልተጠጋ የሆነ ነገር ጎድሏል።

ስንደምረው 18 ሰዓት ተኩል መጣ። አልጋ 12 ሰዓት ተኩል፣ መቀመጥ 5፣ መራመድ ግማሽ ሰዓት፣ ሌላ ሥራ ግማሽ ሰዓት። ሁለት ሰዓት የነበረው የእግር ጉዞ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ አብረን ስንተርከው ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ፣ እሱም በሲጋራ ምክንያት እስከ በር ወጥቶ የሚመለሰው ነው።

"አምስት ሰዓት ተኩል ጠፋብን" አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዝም አለ፣ ቆይቶ "አልጋው ጫፍ ላይ እሆናለሁ" አለ።

"ተኝተው?"

"አይ። አልተኛሁም። ዝም ብዬ ነው።"

"ተቀምጠው ማለት ነው?"

"መቀመጥማ ወንበር ላይ ነው።"

ይሄ ነው። ለእሱ መቀመጥ ማለት ወንበር ላይ መሆን ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ግድግዳ እያዩ መዋል መተኛትም አይደለም መቀመጥም አይደለም፣ ስለዚህ በየትኛውም ጥያቄ ውስጥ አልገባም። ያን ስንጨምር የተቀመጠበት ሰዓት ከአሥር በላይ ሆነ። ድምሩን ሳላስተካክል ብወጣ ኖሮ የሕይወቱ አንድ አራተኛ ከወረቀቴ ላይ ይቀር ነበር።

ሲምፓክ ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ያው የሰው ትዝታ ላይ የቆመ ነው፣ ከመሣሪያ ጋር ሲያወዳድሩትም ዝምድናው መጠነኛ ነው። ለጨዋታ ግን ይመቻል፣ ቀኑን ያስተርክሃል። መሣሪያ ያንን አያደርግም።

ቀጥሎ ወደ መሣሪያው ሄድን። አክሰለሮሜትር ነው፣ የሰውነትን መነቃነቅ የሚመዘግብ፣ ወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ። ለምን የእጅ ሰዓት አይሆንም የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲቀመጥም ጭኑን መታ መታ የማድረግ ልማድ አለው፣ እና እጅ ላይ የታሰረ ነገር እነዚህን ከእርምጃ ጋር ሊያደባልቃቸው ይችላል። ወገብ ይሻላል ብዬ ነው። ወገብ ደግሞ የራሱ ጉድለት አለው፦ ብስክሌትና ክብደት ማንሳትን በደንብ አያይም። እሱ ሁለቱንም ስለማያደርግ አላሳሰበኝም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ለዓመታት "ይከታተሉኛል" እያለ የተሰቃየን ሰው "ይህን ወገብዎ ላይ ይሰሩልኝ፣ እንቅስቃሴዎን ይከታተላል" ማለት ቀልድ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝም እሱን ነው።

"ድምፅ ይቀዳል?"

"አይቀዳም።"

"የት እንዳለሁ ያውቃል?"

"አያውቅም። መነቃነቅዎን ብቻ ነው የሚያውቀው።"

አላመነኝም፣ ቢያምነኝ ነበር የሚገርመኝ። ስለዚህ ራሴ ወገቤ ላይ አስሬ ኮሪደሩን ሄጄ ተመለስኩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አስገብቼ የመጣውን አሳየሁት። ወጣ ገባ የሚል መስመርና ቁጥር፣ ሌላ ምንም። ባልፈለገበት ሰዓት ማውለቅ እንደሚችል፣ ቢያወልቀውም ማንም እንደማይቆጣው ነገርኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። "ዶክተር፣ እሺ ስጠኝ" አለ። (ዶክተር እንዳልሆንኩ አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ።)

በተለመደው አሠራር መሣሪያው ለሰባት ቀን ይታሰራል፣ አንድ ቀን "የተሟላ" የሚባለው ቢያንስ 10 ሰዓት ሲታሰር ነው፣ ቢያንስ አራት የተሟሉ ቀናትም ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘነው ሁለት የተሟላ ቀን ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ "በቂ አይደለም" አለኝ። ግን እስቲ አስቡት፦ ሰውየው አልጋ ላይ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ለመተኛት ሲል መሣሪያውን ያወልቀዋል፣ ሲነቃም ወዲያው አያስረውም። 10 ሰዓት ከየት ይምጣ? ደንቡ የተሠራው ስምንት ሰዓት ተኝቶ ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው ነው። በጣም የማይንቀሳቀሱት፣ እኛ ልናውቃቸው የሚገቡን ሰዎች፣ መረጃቸው "በቂ አይደለም" ተብሎ የሚጣለው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ሳምንት ጨመርን፣ እህቱ ጠዋት ጠዋት አስታወሰችው፣ በድምሩ ስድስት ቀን አገኘን። 2,900 እርምጃ ያልኩት የመጣው ከዚያ ነው።

"10,000 መድረስ አለብኝ አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ ቁጥሩን ሲያይ። የሆነ ቦታ ሰምቶታል። 10,000 የሚለው በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ ማንፖ ኬ ከሚባል እርምጃ ቆጣሪ የመጣ ስም ነው፣ ትርጉሙም "የ10,000 እርምጃ መለኪያ"። ከሐኪም ትእዛዝ አልመጣም። ይህን ስነግረው ፊቱ ፈታ አለ።

በዚህ መሃል ሳይካትሪስቱ በኦላንዛፒኑ ላይ ትንሽ አሪፒፕራዞል የሚባል ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጨመረለት። ክብደትን በመጠኑ ሊያቀልል ይችላል ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፣ ምክንያታዊ ውሳኔ ነበር። በአራተኛው ሳምንት መሣሪያውን እንደገና አሰርንለት። በዚህኛው ዙር ማውለቅና ማሰር ሰልችቶት ከነመሣሪያው ይተኛ ጀመር። እኔም ግድ አላልኩም። ይህ ትንሽ ስንፍና ነው በኋላ ያዳነን።

9,000 ያየሁት ያኔ ነው።

እህቱ ስናጨበጭብ ገባች። ምን እንደተገኘ ስነግራት አልሳቀችም። "ጋሼ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ነው የሚያድረው" አለች። "ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው። ቁጭ በል ስለው ይቀመጣል፣ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፣ ይነሳል። እኔ ሕመሙ ተመልሶ መስሎኝ ነበር።"

ወደ እሱ ዞርኩ። ወንበሩ ላይ እግሮቹን እያቀያየረ ነበር፣ አንዱን ያነሳል፣ ሌላውን ያነሳል። ከገባ ጀምሮ እንዲያ ነበር። እኔ ስክሪኑን ነበር የማየው።

"ምን ይሰማዎታል?"

"ያቁነጠንጠኛል። እግሬ ብቻ አይደለም፣ ውስጤን ነው።"

አካቲዚያ ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሊያመጡት ከሚችሉት የጎንዮሽ ጉዳት አንዱ፣ አሪፒፕራዞል ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። መቀመጥ አለመቻል ነው ብሎ መጽሐፍ ያስቀምጠዋል። "መቁነጥነጥ" የሚለው የእሱ ቃል ይሻላል፣ ምክንያቱም ዋናው ሥቃይ ከውስጥ ነው፣ መመላለሱ ማስታገሻ ነው። አደገኛ ነገር ነው፣ ሰው መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ እንዲተው ያደርጋል፣ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋርም ይያያዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እህቱ ያለችው ነው፦ ሕመሙ የተመለሰ ይመስላል። እንደዚያ ብሎ ያሰበ ሐኪም መድኃኒቱን ይጨምራል፣ ሲጨምር ይብሳል። እኛ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስህተት ፈልስፈን ነበር፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን እንደ ስፖርት ቆጥረን ልንሸልመው።

ሳይካትሪስቱ እዚያው አካቲዚያን በሚለካው በባርንስ መለኪያ መረመረው። ተቀምጦ አየው፣ አቁሞ አየው፣ ምን እንደሚሰማውና ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው ጠየቀው። ጥርጥር አልነበረውም።

እኔ ወደ ግራፉ ተመለስኩ። የቀኑን ድምር ትቼ በየሰዓቱ ከፈልኩት። ሁሉ ነገር እዚያው ነበር! ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ያለማቋረጥ እርምጃ፣ አጭር አጭር፣ ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ መቆም፣ እንደገና ስምንት ዘጠኝ። የክፍሉ ርዝመት መሆኑ ነው። ፍጥነቱም አለ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ ይሆናል፣ መካከለኛ ጥንካሬ የምንለው እዚያ አካባቢ ይጀምራል። የእሱ አብዛኛው ደቂቃ 50ም አይሞላም። እርምጃው ሦስት እጥፍ ሲሆን የመካከለኛ እንቅስቃሴው ደቂቃ ንቅንቅ አላለም። ሪፖርቱ ላይ ከእርምጃው ቁጥር ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም። እንደ ፊቱ መሣሪያውን አውልቆ ቢተኛ ኖሮ ደግሞ ሌሊቱ "አልታሰረም" ተብሎ ባዶ ይሆን ነበር፣ እህቱ ባትመጣ ማስረጃም አይኖረንም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ባይፖላር ያለበት ሰው ወደ ማኒያ፣ ስሜቱና ጉልበቱ ከልክ በላይ ወደሚንርበት ጊዜ፣ ሲገባም እርምጃው ሊያሻቅብ፣ እንቅልፉ ሊያጥር ይችላል። እዚያም ያው ቁጥር "ጎበዝ" ያስብላል። አሁን እንዲህ በድንገት የጨመረ ነገር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው።

አሪፒፕራዞሉ ቆመ፣ መቁነጥነጡን እንዲያስታግስለት ለጊዜው ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ተሰጠው፣ አስም ላለበት ሰው ስለማይሆን አስም እንደሌለበት ተጣርቶ። አሪፒፕራዞል ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ እና እነዚያ ሁለት ሳምንታት ለቤተሰቡ ረጅም ነበሩ። እህቱ በየቀኑ እየደወለች "ዛሬ አምስት ደቂቃ ተቀመጠ"፣ "ዛሬ አሥር ደቂቃ" ትለኝ ነበር። ለእኔ ያ ከሁሉም የተሻለ መለኪያ ነበር፣ መቀመጥ መቻሉ።

ቁጥሩ ወደ 3,100 ወረደ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ውድቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው ሥራ የተጀመረው፣ እሱም ብዙ የሚወራለት አይደለም። ከእህቱ ጋር በሳምንት አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ይራመዱ ጀመር፣ በ10 ደቂቃ ጀምረው። ጠዋት ከመድኃኒቱ ድንዛዜ ስለማይወጣ ጠዋትን አልነካነውም። ጥንካሬውን በልብ ምት ልከታተል ብዬ ነበር፣ ግን ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ዝቅ ስለሚያደርግ ቁጥሩ ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ ለእህቱ ቀላሉን ነገርኳት፦ እየተራመደ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው ልክ ነው። "ጋሼማ ድሮም አይዘፍንም" አለች። እሺ፣ ማውራቱን ተከታተይ አልኳት።

በየወሩ ሲምፓክን ሞላን፣ በሦስተኛው ወር መሣሪያውን እንደገና አሰርን፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ አሁን ሆን ብለን። የእግር ጉዞው በሳምንት 100 ደቂቃ ገደማ ደርሷል፣ በመሣሪያውም በመጠይቁም ተቀራራቢ ሆኖ። 150 አልሞላም። ክብደቱ እዚያው ነው፣ ወገቡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፣ ያም የሜትሬ ስህተት ሊሆን ይችላል። አልጋ ጫፍ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ግን ከአምስት ሰዓት ተኩል ወደ ሦስት ገደማ ወርዷል። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሳልጠይቀው።

በመጨረሻው ቀጠሮ ውጤቱን ላሳየው ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩ። የቀኑን ቁጥር አላየውም።

"ሌሊቱን አሳየኝ" አለ።

ከፈትኩለት። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቀጥ ያለ መስመር። መሃል ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ፣ አንድ ትንሽ ጉብታ አለች። ጣቴን ጫንኩባት፣ 22 እርምጃ።

"ይቺስ?" አልኩት፣ ትንሽ ፈርቼ።

"ሽንት ቤት ነዋ፣ ዶክተር።"